የተቆረጠው ጥግ

ከአውቶፓርኮ በላይ፣ ከብየዳ ቤቱ ጀርባ፣
ክረምቱ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሳያንኳኳ እየገባ፣
ድረ ገጽ እሠራለሁ።
ለሆቴል፣ ለጥርስ ሐኪም፣ ለመኪና አከራይ፣
ለሁሉም አንድ ዓይነት ቤት፤ ልዩነቱ በሩ ላይ።

አቶ ውባንተ የማራኪው መጡ በሐምሌ አንድ ቀን፣
«ማረፊያ ከፍቻለሁ» አሉ፣ «አሥራ አንድ አልጋ፤ አሳየን።
እንደ ፖስትካርድ አይሁን፤ ግን ጎንደር ነው ይባልልኝ፤
እንግዳው ሲያየው ይብረደው፣ ብርድ ልብሴን ይመኝልኝ።»

ፈለግሁ። ሌሊቱ ነጎደ። ዳታዬ አለቀ፣ ሞላሁ።
ከስንት ሺህ ምስል መሐል አንዱን አየሁና ቀረሁ፦
ንጋት ነው። ዝናብ ነው። ከግንቡ አጥር ሥር፣
አንድ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ጎርፉን ሲሻገር።
ድንጋዩ ውሃ ጠጥቶ እንደ በሬ ጀርባ ያበራል፣
ጉሙም ሰውዬውን ሊያቅፈው የወረደ ይመስላል።

ከግርጌው፣ በቀኝ ጥጉ፣ ደብዘዝ ያለ ፊርማ አለ፤
ከፊርማው ጎን ጥቁር ነገር፣ እድፍ መሳይ፣ የተንጠለጠለ።
አንዴ ጫን አልሁ። ጥጉ ከነፊርማው ሄደ።
ማንም አላየኝ፤ ማንም አልፈረደ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል።
እኔ ማንን ናቅሁ? አጥሩም ባለቤቱም አልታየኝ፤
ሜዳ ላይ የበቀለ፣
ዝም ያለ ሁሉ የሰጠ መሰለኝ።

ነሐሴ መባቻ ላይ፣ መብራት የጠፋ ለት፣
በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ደምለው፣ የፒያሳው፣ የድሮው ፎቶ ቤት።
የፓስፖርት ፎቶዬን ሲያነሡኝ «አገጭህን ዝቅ» ያሉኝ፣
ዛሬ ሳይናገሩ አገጬን ዝቅ አደረግሁኝ።

የእህታቸው ልጅ በስልኩ አሳይቷቸው ነው የመጡ።
ከወንበሬ ጠርዝ ላይ፣ ኮታቸው እየተንጠባጠበ፣ ተቀመጡ።
አልተቆጡም። ስለ ገንዘብም አንድ ቃል አልወጣቸው።
«ጥጉስ?» ብቻ አሉኝ። «የቀኝ ጥጉን የት ጣልኸው?»

«ፊርማውን ነው?»
«ፊርማውስ ይቅር፤ ስሜን እኔ አውቀዋለሁ።
ከጎኑ ያለውን ጥቁር ግን፣ እሱን ፈልጌ መጥቻለሁ።
የጃንጥላ ጫፍ ነው። እንጉዳይ፣ ሌንሱ እንዳይርስ ብላ፣
አራት ንጋት ቆመችልኝ፣ ራሷን ለዝናብ ጥላ።
ባለቤት የለውም ብለህ
ባለቤቴን ቆረጥህብኝ።»

ዝም አልን። ጣሪያው ይንጠባጠባል፣ ባልዲው ይቀበላል።

«ካለፈች አራት ዓመቷ። ፎቶ አንሺ ከሚስቱ ጎን አይቆምም፤
ስሜና ጃንጥላዋ፣ እዚያች ጥግ ላይ ነን፤ ሌላ የለንም።»

«ይቅርታ» አልሁ። «ብጠይቅዎ ይሰጡኝ ነበር?»
ሰጥቼህ ነበር እንዲሉኝ፣ እንዲቀልልኝ ነበር።
«እምቢ እልህ ነበር» አሉ።
«ለአልጋ ማከራያ? አልሰጥም።»
በፊታቸው ላይ ሳቅ የለም፤ ቂምም የለም።
ያን ለት ነው የገባኝ፣ ፈቃድ መጠየቅ ማለት
እምቢን ተሸክሞ ወደ ቤት መመለስ እንዳለበት።

መብራት መጣ። አብረን ሆነን ምስሉን አወረድነው።
የቀረውን ባዶ ግራጫ መነጽራቸውን ጠርገው
አዩት፣ አዩትና፣ «ጉም ይመስላል» አሉ። ወጡ።

በማግስቱ አቶ ውባንተ፦ «የማረፊያዬ ፊት ምነው ገረጣ?»
«ጉም ነው» አልኋቸው፣ «ባለቤቱ እስኪመጣ።»

አሁን ቅዳሜ ገበያ እወርዳለሁ፣ ስልኬን በጉያዬ አቅፌ።
ባና ይሸጣሉ፣ አንዲት ሴት፣ ወይዘሮ ዘርፌ።
ባናው ከኋላቸው ተከምሮ እንደ ግንብ ይቆማል፣
ዓይኔ ያየውን ለመውሰድ ጣቴን ያሳክከዋል።
«ላንሣዎ?» እላለሁ።
መጀመሪያ «ለምን?» አሉኝ። ነገርኋቸው።
ባለፈው ሳምንት «አይሆንም።»
ዛሬ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ልባቸው የራራ መሰለ፤
ገዢ መጣ፤ ዋጋ ተከራከረ፤ ዝናብም ጣለ።
«የሚመጣው ቅዳሜ ና» አሉኝ።

መንገዱ ሞልቶ ነበር።
ጫማዬን በእጄ ይዤ ጎርፉን ተሻገርሁ።